ከዕቅድ በላይ ስላሸነፈው ቡድን

የብርሃነ ጮቄ ኮሌጅ የስፖርት ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ደብረ ማርቆስ፣ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት (የአዳራሹን ቁልፍ የያዘው ሰው ገበያ በመሄዱ)

የተገኙ አባላት፦
1. አቶ አስማማው፣ ምክትል ዲን፣ ሰብሳቢ
2. አቶ ገዳሙ፣ የቀድሞ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ፣ አሁን የቴክኒክ አማካሪ
3. ወ/ሮ ሽታዬ፣ የንብረትና ስምሪት ኃላፊ
4. መሪጌታ ታዲዮስ፣ የሥነ ምግባር ተወካይ
5. ውበቱ፣ ከሬጅስትራር፣ ጸሐፊ

ማብራሪያ እንዲሰጡ የተጠሩ፦ አዲሷ አሠልጣኝ የኔአለም (ድምፅ የላቸውም)

ለ2፡30 የተጠራው ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤው በመሟላቱ 3፡20 ላይ በሰዓቱ ተጀምሯል።

ሰብሳቢው ስብሰባውን አስቸኳይ ያደረጉትን ሁለት ነገሮች ዘረዘሩ። አንደኛ፣ የኮሌጁ ቡድን ዛሬ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ደጀን ላይ የዋንጫ ጨዋታ አለው። ሁለተኛ፣ የአሠልጣኝ የኔአለም የስድስት ወር የሙከራ ቅጥር የሚያበቃው ዛሬ ስለሆነ ቋሚ ይሁኑ ወይስ ይሰናበቱ የሚለው መወሰን አለበት። አሠልጣኝ የኔአለም፣ ልጆቹ ትጥቃቸውን ለብሰው ውጭ እየጠበቁ ስለሆነ ስብሰባው ለሰኞ ቢዛወር ምን ይመስላችኋል ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው፣ «ሰኞማ ጨዋታው ካለፈ ምኑን እንወስነዋለን?» በማለት ጥያቄውን ዘግተውታል።

አጀንዳ 1፦ የቡድኑ ውጤት ከጸደቀው ዕቅድ ስለ መውጣቱ

በዓመቱ መጀመሪያ የጸደቀው ዕቅድ፣ ቡድኑ ከስምንት ኮሌጆች ስድስተኛ እንዲወጣ ያዛል። ቡድኑ ግን አሠልጣኟ ከመጡበት ከኅዳር ወር ወዲህ ሰባት ጨዋታ አድርጎ ሰባቱንም አሸንፏል። አሠልጣኟ ዕቅዱን አላነበቡትም ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ማንበባቸውንና ማዘናቸውን ገልጸዋል።

አቶ ገዳሙ በአሥራ አንድ ዓመት የአሠልጣኝነት ዘመናቸው ቡድኑ ከስምንተኛ ደረጃ ወርዶ እንደማያውቅ አስታወሱ። ቀጥለውም፣ «የኔ ቡድን የኮሌጁ መልክ ነበር። ከየትምህርት ክፍሉ አንዳንድ ልጅ፣ ለሁሉም እኩል ደቂቃ፣ ከጨዋታ በኋላ የሦስት ሰዓት ግምገማ። ይቺ ልጅ ግን የምታሰልፈው ኳስ የሚችለውን ብቻ ነው!» ብለዋል። አሠልጣኟ ክሱን አምነዋል።

ወ/ሮ ሽታዬ በበኩላቸው፣ ከመርጡለ ማርያም የመጣው ተማሪ ፍሥሐ ቀድሞ የኮሌጁን አምፖሎች ያለ መሰላል ይቀይር እንደነበር፣ ልምምድ ከጀመረ ወዲህ ግን ሦስት መማሪያ ክፍሎች በጨለማ መቅረታቸውን አመለከቱ። መሪጌታ ታዲዮስም ስለዚሁ ልጅ፣ «ታዛዥ ነበር፤ ዛሬ ኳስ ከሰው እጅ ይቀማል» ብለው አዝነዋል።

አሠልጣኟ፦ «መሪጌታ፣ ጨዋታውኮ እሱ ነው።»
መሪጌታ፦ «በትሕትና ቢጠይቃቸው አይሰጡትም?»
አሠልጣኟ፦ «በአቶ ገዳሙ ጊዜ ተሞክሮ ነበር አሉ።»

አቶ ገዳሙ ንግግሩ ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል።

ከዚያም አፈጻጸሙ ለበላይ አካል ከመቶ ስንት ተብሎ ይላክ የሚለው አከራክሯል። ጸሐፊው ስድስተኛ ታቅዶ አንደኛ ከተወጣ ስድስት መቶ ከመቶ እንደሚሆን ቢያሰላም፣ ሰብሳቢው፣ «እንዲህ ብለን ከላክንማ ለከርሞ ስድስት መቶ አቅዱ እንባላለን። ልትጨርሰን ነው አንተ?» ሲሉ ገሥጸውታል።

ውሳኔ፦ ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ከሰባቱ ድሎች አራቱ ወደ 2018 ዓ.ም. እንዲዞሩ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ወደ ደጀን ስለሚሄደው ሚኒባስ የመቀመጫ ድልድል

ሚኒባሱ አሥራ ሁለት መቀመጫ አለው። ወ/ሮ ሽታዬ ያቀረቡት ድልድል፦ ለኮሚቴው አምስት፣ ለፎቶ አንሺ አንድ፣ ባነር ለሚይዙ ሁለት፣ ለተጫዋቾች አራት። አሠልጣኟ በመናኸሪያ መኪና ይከተላሉ።

አሠልጣኟ አሥር ተጫዋች እንዳላቸው፣ ሜዳ የሚገባው ራሱ አምስት መሆኑን አስረዱ። ሰብሳቢው፣ «ባነሩን አንድ ሰው ቢይዘውስ?» የሚል አስታራቂ ሐሳብ ቢያቀርቡም፣ ወ/ሮ ሽታዬ፣ «ጽሑፉ ረጅም ነው፤ መካከሉ ይጎብጣል» በማለት ተቃውመዋል። አቶ ገዳሙም ከልምዳቸው ተነሥተው አምስተኛው ተጫዋች ኳስ እምብዛም እንደማይነካ ሙያዊ አስተያየት ሰጥተዋል።

ውሳኔ፦ ቡድኑ በአራት ተጫዋች እንዲጫወት በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ። በተአቅቦ የተለየው ጸሐፊው ሲሆን ምክንያቱን አልተጠየቀም።

በዚህ ጊዜ፣ 5፡15 ላይ፣ አሠልጣኟ ለመውጣት ፈቃድ ጠየቁ። አጀንዳ ሳይዘጋ ተጠሪ ይወጣል ወይስ አይወጣም በሚለው ላይ ሃያ ደቂቃ ውይይት ተደርጎ፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ እንዲወጡ ተፈቀደ። አመስግነው ወጡ።

አጀንዳ 3፦ የአሠልጣኟ የቅጥር ሁኔታ

ተጠሪዋ ባለመኖራቸው ውይይቱ በነጻነት ተካሂዷል። መሪጌታ ታዲዮስ ልጅቱ ምግባረ ሰናይ እንደሆነች፣ ልጆቹም እንደሚወዷት መስክረው፣ ይህ ራሱ ሊታይ የሚገባው ነገር ነው ብለዋል። ሰብሳቢው የሥራ መገምገሚያ ቅጹን አውጥተው «ዕቅድን አክብሮ መሥራት» በሚለው ዜሮ፣ «ግምገማ ማካሄድ» በሚለው ዜሮ ሞሉ፤ «ማሸነፍ» ለሚለው ደግሞ ቅጹ ላይ ቦታ ባለመኖሩ ምንም አልሞሉም።

ውሳኔ፦ አሠልጣኝ የኔአለም ከዛሬ ጀምሮ እንዲሰናበቱ፣ አቶ ገዳሙ ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ ተወሰነ። አቶ ገዳሙ ለራሳቸው ድምፅ ሲሰጡ ሁለቱንም እጃቸውን ቢያነሡም አንዱ ብቻ ተቆጥሯል።

ውሳኔውን እንዲሰሙ አሠልጣኟ ይጠሩ ተባለ፤ ሰዓቱ 7፡10 ሆኗል። የጥበቃ ሠራተኛው የሺዋስ ተልኮ ብቻውን ተመለሰ።

የሺዋስ፦ «ሄደዋል፣ ጌቶች።»
ሰብሳቢው፦ «ማን? ወዴት?»
የሺዋስ፦ «አሠልጣኟ ናቸዋ፤ ከነልጆቻቸው፣ በሚኒባሱ። ይኸኔ ደጀን ገብተዋል።»
ሰብሳቢው፦ «አንተስ ዝም ብለህ በር ትከፍታለህ?»
የሺዋስ፦ «ኮሚቴው ፈቅዶልኛል አሉኝ። ምነው፣ አልፈቀዳችሁም?»



አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ (በድንገት የተያዘ)

ሰብሳቢው ሚኒባሱ ያለ ስምሪት ወረቀት ስለወጣ ጉዳዩ ለፖሊስ ይቅረብ አሉ። ወ/ሮ ሽታዬ ፈጠን ብለው፣ ፖሊስ ባይነካካ እንደሚሻል ተናገሩ። ሲጠየቁም፣ ሹፌሩ በየቀኑ ቢሮ እየመጣ እንዳያስቸግራቸው የዓመቱን የስምሪት ወረቀት መስከረም ላይ ባዶውን ፈርመው፣ ማኅተም አድርገው፣ ጥራዙን እንዳለ ማስረከባቸውን አስረዱ። ስለሆነም ሚኒባሱ የወጣው በሕጋዊ ወረቀት፣ በራሳቸው ፊርማ ነው። «እኔ ከተጠየቅሁ ደግሞ፣ ጋሼ አስማማው፣ አሠራሩን ያጸደቁት እርስዎ ነዎት» ብለው ተቀመጡ። ሰብሳቢው ፖሊስ የሚለውን ቃል ስበዋል።

ከዚያም ሁለት ደብዳቤ ተዘጋጀ። ቡድኑ ከተሸነፈ የሚወጣው አሠልጣኟ ያለ ፈቃድ በመሄዳቸው ያሰናብታቸዋል፤ ካሸነፈ የሚወጣው ቋሚ ያደርጋቸዋል። ሰብሳቢው ሁለቱንም ፈርመው ማኅተሙን በእጃቸው ይዘው ጠበቁ። ከ8፡00 እስከ 9፡35 ኮሚቴው የሰብሳቢውን ስልክ ከብቦ ተቀመጠ፤ በዓመቱ ያለ ጭቅጭቅ ያለፈው ሰዓት ይኸው ነው።

9፡35 ላይ የሰብሳቢው ስልክ ጮኸ። ጨዋታውን ደጀን ተገኝተው ያዩ የበላይ ኃላፊ ነበሩ። ሰብሳቢው ተነሥተው ቆሙ። «አዎ ጌታዬ… ሃምሳ ሁለት ለአርባ ዘጠኝ?… ፍሥሐ ብቻውን ሃያ ሦስት!… እኛው ነን እንጂ፣ በጠዋት ስብሰባ ተቀምጠን የላክናት… ኧረ ቋሚ ናት፣ ምን ጥያቄ አለው!» ሲሉ አባላቱ በሙሉ ሰምተዋል።

ወዲያው ለአሠልጣኟ ተደወለ። ከጀርባ ጭፈራ ይሰማ ነበር። ሰብሳቢው፣ «የኔአለም፣ እንኳን ደስ አለሽ፤ ቋሚ ሆነሻል» አሏቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ አስማማው። ደብዳቤው ማኅተም አለው?»
«አሁን ይደረጋል፣ ምን ችግር አለው?»
«እንግዲያው ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ። እስኪደርሰኝ እኔም ዋንጫውም ደጀን ነን።»

ማኅተሙ 9፡50 ላይ ተደርጎ ፎቶው ተላከ። ጸሐፊው የተላከው ትክክለኛው ደብዳቤ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጧል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ሰባቱም ድሎች በዚሁ ዓመት እንዲቆዩ፤ የአራት ተጫዋቹ ድልድል እንዲሻር፤ ስንብቱም የአቶ ገዳሙ መመለስም እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፤ አሠልጣኟ የሄዱት በኮሚቴው ትእዛዝ መሆኑ እንዲመዘገብና ትእዛዙ ትናንት እንደተሰጠ ተደርጎ እንዲጻፍ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አቶ ገዳሙ የልዩነት ሐሳብ ለማስመዝገብ እጃቸውን ቢያነሡም፣ ሌሎቹ አባላት ዋንጫው ሲገባ ፊት ለፊት ለመቆም ወደ በሩ በመውጣታቸው የሚቀበላቸው አልተገኘም።

ስብሰባው 10፡05 ላይ ተበተነ። ሰብሳቢው ከበሩ ተመልሰው፣ ትእዛዙ ትናንት ከተሰጠ ዛሬ ስብሰባ ሊኖር ስለማይገባ ይህ ቃለ ጉባኤም እንዳልተጻፈ እንዲቆጠር ለጸሐፊው አዘዋል። ጸሐፊውም ይህንኑ ጽፎ ፈርሟል።