የነኢማን እርሾ መርዶ ያነበብኩ ዕለት

ወገኖቼ፣ ዛሬ በቀጥታ ስርጭት ያልሞተ እርሾ ቀበርኩ!

አስራ ስምንት ዓመት ሬዲዮ ላይ ሠርቻለሁ። ስም ሳላጣራ፣ ቁጥር ሁለቴ ሳልጠይቅ ዜና አንብቤ አላውቅም።

ጠዋት ሮቤ ከተማ አንድ ላብራቶሪ ገባሁ። ነኢማ የምትባል ተማሪ ለማስተርስ ሦስት ዓመት የለፋችበት ሥራ የሚፈተንበት ቀን ነው። የፋብሪካ እርሾ ስኳር እንጂ እህል ውስጥ ያለውን ስታርች መብላት አይችልም። እሷ ግን ከሻጋታ የወሰደችውን ጂን አስገብታበት፣ ስታርች የሚፈጨውን ኢንዛይም ራሱ እርሾው እንዲሠራ አድርጋለች።

ከተሳካ ትመረቃለች። ካልተሳካ እንደገና ከሀ ትጀምራለች።

እርሾው ስታርች ባለበት ሳህን ላይ በቅሏል። አዮዲን አፈሰሰችበት። ሳህኑ ጥቁር ሰማያዊ ሆነ። እርሾው ዙሪያ ግን ነጭ ቀለበት ቀረ።

ነኢማ አፏን ያዘች። እንባዋ መጣ።

እኔ ደግሞ በስልክ ከስቱዲዮ ጋር ተገናኝቻለሁ፤ ቀጥታ ነን!

«አድማጮቻችን፣ እርሾው ያለበት ቦታ ቀለም አልያዘም። የሦስት ዓመት ልፋት፣ በሚያሳዝን ሁኔታ፣ አልተሳካም።»

ድምፄንም ዝቅ አድርጌ!

ስልኩን ስዘጋ ነኢማ አፈጠጠችብኝ።

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት? አዮዲን የሚያጠቁረው ስታርችን ነው፤ ነጩ እኮ ስታርቹ የተበላበት ነው! በደስታ ነው የማለቅሰው!»

የአያቷን ስም አጻጻፍ ሁለቴ ጠይቄአታለሁ። ነጩ ምን እንደሆነ? አንዴም!

ማስተካከያውን ወዲያው አነበብኩ። ግን ሲናና ገጠር ያሉት አባቷ ኦቦ ከድር የመጀመሪያውን ሰምተው ሬዲዮናቸውን ዘግተዋል። ስልክም አያነሱም። ነኢማን ይዤ ሄድኩ።

ስንደርስ ምንጣፍ ተነጥፏል። ጎረቤት ተሰብስቦ «ሰብር ያድርጉ፣ አላህ ያለው ነው» ይላል።

ለእርሾ ለቅሶ!

መሀል ቆሜ ሁሉንም አስረዳሁ፤ ቀለሙን፣ ቀለበቱን፣ ጥፋቴን።

ኦቦ ከድር ልጃቸውን አቅፈው ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ገንፎ ያቀረብክለት እንግዳ ሳህኑን ባዶ አድርጎ ቢመልስልህ፣ አልበላም ብለህ ታወራበታለህ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሊያጽናና የመጣው ሰው ሁሉ ለነኢማ ዱዓ አድርጎ ተነሣ።

እኔ ግን ከሮቤ ከተነሣን ጀምሮ አንድ ነገር አላስተኛ ሊለኝ ነው፤ እስከ ዛሬ «አልተሳካም» ብዬ ካነበብኳቸው ሥራዎች ስንቱ ተሳክቶ ይሆን?