ሽጉጥ የረሳው አጥቂ

እኔ የማልረሳው ነገር የለም። በተለይ ጃንጥላ። የቦንጋ ዝናብ ጠዋት ጃንጥላ አስይዞ ከቤት ያስወጣችኋል፤ ከሰዓት ደግሞ ፀሐይ ወጥቶ ያዘናጋችኋል። እስካሁን በየቢሮውና በየባጃጁ የረሳኋቸው ጃንጥላዎች ቢሰበሰቡ አንድ ሱቅ ይሞላሉ። አንዴ እንዲያውም ሚስቴን ሺሺንዳ ገበያ ረስቻት በሚኒባስ ተሳፍሬ ቤቴ ገብቻለሁ። እሷ ግን እስካሁን አልረሳችውም።

ሽጉጥ የረሳ ሰው ግን አንድ ብቻ ነው የማውቀው።

ነገሩን ያስታወሰኝ ሰሞኑን ስልኬ ላይ ያነበብኩት ወሬ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ዝነኛ ተጫዋች ኤርፖርት ላይ ቦርሳው ውስጥ ሽጉጥ ይገኝበታል። «ረስቼው ነው» ይላል። በቀላል ቅጣት ወደ ልምምዱ ይመለሳል። ሰዉ በጣም ተገርሟል። እኛ ምን ይገርመናል? እኛ ምትኩ አለን።

ምትኩ የቦንጋ ልጅ ነው። እዚሁ ጭቃ ላይ እየተንሸራተተ አድጎ፣ አሁን አዲስ አበባ ለአንድ ትልቅ ክለብ በአጥቂነት ይጫወታል። የከተማችን ባጃጅ ግማሹ የእሱን ፎቶ ለጥፏል። አምና ወላጆቹን ሊጠይቅ መጥቶ ሲመለስ፣ እኛ ጋ ኤርፖርት ስለሌለ እንደማንኛውም ሰው ጎረቤት ዞን ሄዶ ሊሳፈር ሲል፣ ቦርሳው ማሽኑ ውስጥ ገባና ሽጉጥ ታየ። ፈቃድ የለ፣ ወረቀት የለ። «ረስቼው ነው» አለ።

ፈታሿ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? መሠረት። የእህቴ ልጅ! መዝግባ ከነሽጉጡ ለፖሊስ አስረከበችው። ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ እሁድ ደግሞ ጨዋታ አለ።

ቦንጋ ውስጥ ስለ ሽጉጡ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። የተጠየቀችው መሠረት ናት። ምን አስቸኮላት? አይታ እንዳላየች ብታልፍ ምን ነበረበት? እናቷ ገበያ ቆጮ ትሸጣለች፤ በማግሥቱ ደንበኞቿ አጠገቧ እያለፉ ከጎረቤቷ ገዙ። ባጃጅ ለማስቆም እጇን ስታነሳ፣ ባዶውን የሚሄደው ሁሉ «ሙሉ ነኝ» ይላታል። አመሻሽ ላይ ያልተሸጠ ቆጮዋን ተሸክማ ዳገቱን በእግሯ ስትወጣ አየኋት። አንጀቴን በላችኝ።

ታዲያ ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? ከእህቴ ጎን ቆምኩ? የለም። ሽማግሌ ሆኜ ልጇ ላይ ሄድኩባት።

አብረውኝ የሄዱት ጋሽ ወዳጆ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያስሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ዳኛ። አርብ ከሰዓት መሠረት ኤርፖርቱ አጠገብ የተከራየቻት ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። ዓይኔን የማሳርፍበት ስላጣሁ ከአባቴ የቀረልኝን ሰንጢ አወጣሁና ሸንኮራ መላጥ ያዝኩ።

«ልጄ፣ ቃልሽን ትንሽ ብታስተካክይው» አሉ ጋሽ ወዳጆ። «ቦርሳው የማን እንደሆነ በደንብ አላየሁም ብትዪስ?»

«ስሙ በትልቁ ተጽፎበታል እኮ፣ ጋሼ።»

ጋሽ ወዳጆ የመጨረሻውን የሕግ ክርክራቸውን አቀረቡ። «ዘንድሮ አሥራ አንድ ጎል አለው!»

መሠረት ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ፣ ጋሼ? ቃሌን ብቀይር ከሥራ እባረራለሁ፤ ከዚያም አልፎ እኔው እከሰሳለሁ። እናቴን ማን ያበላታል?»

«እንግዲህ ልጅ ነው፤ ረስቶት ነው» አልኩና አፌን በሸንኮራ ሞላሁት። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ያን ዕለት ግን ሸንኮራው ይጣፍጥ ነበር።

ቃሏን አልቀየረችም። ምትኩ ግን ለማንኛውም ቅዳሜ ጠዋት ተለቀቀ። ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ያሰሩት ፖሊሶችም ተራ በተራ አብረውት ፎቶ ተነሡ። መሠረትም ማስጠንቀቂያ አልቀረባትም። የእሷ በደብዳቤ ነው፤ «በመንገደኛ አያያዝ ላይ ለታየው ጉድለት» ይላል።

እሁድ ቦንጋ በሙሉ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ውስጥ ታጭቋል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ለምትኩ ቡድን ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። ምትኩ ኳሷን አስቀመጠ፣ ተንደርድሮ መታ። ኳሷ የት እንደወደቀች እስካሁን አልታወቀም።

ከዚያ ጋሽ ወዳጆ ብድግ አሉ። መጀመሪያ በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ እዚህ የማይጻፍ ነገር ተናገሩ። ቀጥለው በፍርድ ቤት አማርኛቸው፣ «ለመሆኑ ሽጉጥ ይዞ አውሮፕላን ሊሳፈር የነበረ ግለሰብ በምን አግባብ ይለቀቃል? በዚህ አገር ሕግ የለም ወይ?» ብለው ጠየቁ። ሁላችንም አጨበጨብን።

ሰኞ ባጃጆቹ እህቴን ለማሳፈር ተጋፉ። ቆጮዋ እስከ ምሳ ሰዓት አለቀ። የምትኩ ፎቶ ከየመስታወቱ ተላጠ። እኔም በየሄድኩበት «ያቺ ጀግና ፈታሽ እኮ የእህቴ ልጅ ናት» ማለት ጀመርኩ። ያሳደግኳት እኔ ነኝ ለማለትም ትንሽ ነው የቀረኝ።

ባለፈው ወር ታዲያ ለሥልጠና አዲስ አበባ ተጠራሁ። ኤርፖርት ስደርስ ፍተሻው ላይ መሠረት ቆማለች። ደስ አለኝ፤ ዘመድ ያለው ሰው እንዴት እንደሚስተናገድ ሰልፉ ይይ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ጃኬቴ ማሽኑ ውስጥ ገባ። ማሽኑ ቆመ። መሠረት እጇን የጃኬቴ ኪስ ውስጥ ሰደደችና የአባቴን ሰንጢ አወጣች።

«ረስቼው ነው» አልኩ።

የእውነቴን ነው! በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት የእውነቴን ረስቼ አላውቅም። የአባቴ መሆኑን ነገርኳት፣ ሌላ ማስታወሻ እንዳልተወልኝ ነገርኳት፣ እናቷን ጠራሁባት። ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ ያዳምጣል።

መሠረት ሰንጢውን አየችው። ሸንኮራው ትዝ እንዳላት ከዓይኗ አወቅኩ። ቤት ውስጥ «አንተ» የምትለኝ ልጅ፣ ሰንጢውን የተወረሰ ዕቃ የሚጠራቀምበት ሣጥን ውስጥ እየጣለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በትሕትና ጠየቀችኝ፦

«ዘንድሮ ስንት ጎል አለዎት?»