በእርግጫ የሚመረመር ተሳቢ

የጀልባ ተሳቢ ጎማን በእርግጫ መትቶ «አስተማማኝ ነው» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ምርመራው በቃ ይኸው ነው። እኔን ቡታጅራ ላይ ገጠመኝ። የወንድሜን ጀልባ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ልናደርስ ነበር፤ እኔ የታሰረበትን ገመድ ይዤ ጀልባው ውስጥ እንድቀመጥ ተወስኗል። ከመውጣቴ በፊት ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ተሳቢው ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት ብየዳ ተሰንጥቋል።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ብየዳው ተሰንጥቋል እኮ» አልኳቸው መርማሪውን።

«ቀለሙ ነው የተሰነጠቀው!» ብለው ጎማውን በእርግጫ ደገሙት። «ወላሂ፣ ሞያሌ ያደርሳል!»

«እንግዲያው ይውጡና አብረን እንሂድ።»

ወደ ኋላ ሸሹ። «አስተግፊሩላህ! እኔ እኮ የልጆች አባት ነኝ!»

ሹፌሩ የሰማው «ሞያሌ ያደርሳል» የሚለውን ብቻ ነው መሰለኝ፤ ሞተሩን አስነሳ።