ካን ማለት ንጉሥ ነው አልኳቸው

ካን የሚባል ሰው የማያውቅ አለ? እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ቤይ ኤሪያ ከሆናችሁ ቢያንስ ሁለት ሦስት አታጡም። ጥርሴን የነቀለው ካን ነው። መኪናዬን የሚሠራልኝም ካን ነው፤ ዝምድና ግን የላቸውም። የእህቴ ልጅ ሀያት እስክትደውልልኝ ድረስ «ለመሆኑ ካን ምንድን ነው?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ሀያት ሳን ሆዜ ነርስ ናት። እዚሁ ኦክላንድ ስላደገች አማርኛዋ መንገድ ላይ ይደክመዋል። «አጎቴ ፕሊስ፣ አባዬን ኮንቪንስ አድርግልኝ። ሂ ሴድ ኖ!» አለችኝ፤ ድምፅዋ እንባ እንባ ይላል። ፋይሰል ካን የሚባል፣ ወላጆቹ ከፓኪስታን የመጡ ልጅ ሊያገባት ፈልጓል። አባቷ ሀጂ እንድሪስ ደግሞ «የማን ልጅ እንደሆነ ሳላውቅ አልድርም» ብለዋል። ሀጂ የወሎ ሰው ናቸው። እስከ ሰባት ቤት ያልቆጠረላቸው ሰው ስሙን የነገራቸው አይመስላቸውም። ሠላሳ ዓመት ታክሲ ሲነዱ ተሳፋሪውን ሁሉ የአያቱን ስም ጠይቀዋል። መብራት ላይ ወርዶ የሄደባቸውም አለ።

ልጅቷ አንጀቴን በላችው። እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ላይብረሪ ሄድኩ። ካን ለካ የቱርክና የሞንጎል ሕዝቦች የገዢያቸው ማዕረግ ኖሯል! ከሱ በላይ ካጋን አለ፤ የካኖች ካን፣ እኛ ንጉሠ ነገሥት እንደምንለው። ሚስቱ ኻቱን ትባላለች፤ እቴጌ በሏት። ቃሉ ከየት መጣ የሚለው ላይ ሊቃውንቱ እስካሁን አልተስማሙም። ከሞንጎሎቹ በፊት የነበሩ ፈረሰኞችም ይጠሩበት ነበር፤ እነሱ ከማን እንደወሰዱት አላህ ይወቅ። ማዕረጉ ወደ ፋርስና ወደ ህንድ ሲወርድ ግን እየረከሰ ሄደ። ለትንንሽ ሹማምንት ተሰጠ፣ ለተከበረ ሰው ሁሉ ተሰጠ፣ በመጨረሻም ተራ የቤተሰብ ስም ሆኖ ቀረ። ደግሞ ምን ይገርማል? ነዳጅ የምቀዳበት ቤት ያለው ልጅ እኔን «ቦስ» ይለኛል፤ የማዘው ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።

መርከሱን ለሀጂ አልነገርኳቸውም። ይሄ መዋሸት አይባልም፣ ማሳጠር ነው። «ካን ማለት ንጉሥ ነው» አልኳቸው። ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «እሑድ ይምጡ» አሉ።

እሑድ ከምሳ በኋላ የልጁ አባት ሚስተር ካን ልጃቸውን ይዘው ከሪችመንድ መጡ። ሀጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው በር ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው፤ ትልቁን ሶፋም ለቀቁላቸው። ሻይ ቀረበ። ከዚያ ሀጂ የታክሲ እንግሊዝኛ ለሽምግልና አይሆንም ብለው በሀያት አስተርጓሚነት ጨርሶ ያላሰብኩትን ጥያቄ ጠየቁ። «ሹመቱን ምን ሠርተው ነው ያገኙት?»

አለቀልኝ አልኩ። እኛ አገር እኮ ማዕረግ ከስም በፊት ይመጣል፤ ያውም ተሹሞ። የፊታውራሪ ልጅ ዝም ብሎ ፊታውራሪ አይባልም። ሚስተር ካን ሳቁና ማንም እንዳልሾማቸው፣ ሰፈራቸው ውስጥ ፀጉር አስተካካዩም ካን እንደሆነ ተናገሩ። የሀጂ ፊት ጠቆረ። «ሳይሾም በማዕረግ የሚጠራ?» አሉኝ ወደኔ ዞረው። ለሳቸው ይሄ ሌብነት ነው። ሀያትን አየሁና በብልጠቴ አፈርኩ። «ጥሩ ልጅ ነው» ብል ምን ነበረበት?

የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ ሚስተር ካንን ምን ሲሠሩ እንደኖሩ ጠየቅኳቸው። አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ሃያ ስድስት ዓመት ኦክላንድ ውስጥ ነድተው አንድም ግጭት የለባቸውም። ጡረታ ሲወጡ የተሰጣቸውን የምስክር ወረቀት ፎቶ ከስልካቸው አወጡ። ሀጂ መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አዩት።

«በኦክላንድ መንገድ? አንድም ግጭት?» ብለው ተነሥተው አቀፏቸው። «ሹመት ማለት ይሄ ነው!»

ከዚያ ሁለቱ ሹፌሮች ብስክሌተኞችን ሲያሙ ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ አስተርጓሚም አላስፈለጋቸውም። ሀያት ደስታዋ ፊቷ ላይ ፈሰሰ፤ እኔም ተነፈስኩ። ግን ሀጂ ደስ ካላቸው አያቆሙም። «አንተስ ልጄ፣ አነዳድህ እንዴት ነው?» ብለው ወደ ፋይሰል ዞሩ።

ፋይሰል አንገቱን ደፋ። መንጃ ፈቃድ የለውም። ሀያት ለአባቷ «ኮምፒዩተር ነው የሚሠራው» ብላ ነበር ያለፈችው፤ ልጁ የሚሠራው ግን ያለ ሹፌር የሚሄድ መኪና ነው። ይሄን በታክሲ ልጅ ላሳደጉ ሰው ማን ይንገራቸው? ራሱ ነገራቸው። ሀያት እያንገራገረች ተረጎመችው።

ሀጂ ሻያቸውን ፉት አሉ። ሚስተር ካንን አዩ፣ ፋይሰልን አዩ፣ ልጃቸውን ደግሞ ቆየት ብለው አዩ።

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» አሉ። «የንጉሥ ልጅ ይነዱለታል እንጂ ራሱ ይነዳል እንዴ?»