የአፈር ቀማሹ ጥርስ

ስሙን ጸሐፊው ለጤንነቱ ሲል የረሳው አንድ አገር ነበረ፤ በዚያም አገር ደኑ እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ስለነበር ፀሐይ መሬቱን የምታየው ደጅ ጠንታ ነበር፣ ጠዋት የዘነበውም ዝናብ ከቅጠል ቅጠል ሲንከባለል ውሎ መሬት የሚደርሰው ወደ ማታ ነበር ይባላል። ንጉሡ በነገሡ በሦስተኛው ዓመት ከሰገነታቸው ሆነው ደኑን አሻግረው ካዩ በኋላ መኳንንቱን ሰብስበው፣ ይህን የሚያህል ዛፍ ያበቀለ አፈር ምን ያህል ቢሰባ ነው፣ ስቡንስ ያለ ፈቃዳችን የሚበላው ማን ነው ሲሉ ጠየቁ። መኳንንቱም ሦስት ቀን መክረው የሚበላው ራሱ ዛፉ መሆኑን ደረሱበት። ዛፍ የመንግሥትን ስብ በሥሩ እየመጠጠ ወደ ላይ የሚያሸሽ ሌባ ነው ተብሎ በቆመበት ተፈረደበት፤ ይግባኝም አላለም።

በዚያ አገር አፈር ቀማሽነት የሚባል የከበረ ሹመት ነበር። ቀማሹ በየዓመቱ ከዘር በፊት በሕዝብ ፊት ተንበርክኮ ከማሳው አንድ ጉርሻ አፈር ይቀምስና ጣዕሙን ያውጃል። ሕጉ ሦስት ጣዕም ይፈቅድለታል፤ ጣፋጭ፣ በጣም ጣፋጭ፣ እጅግ በጣም ጣፋጭ። አራተኛ ጣዕም ያገኘ ቀማሽ ምላሱ ታሟል ይባልና፣ ሕመሙ ወደ ሌላ አካሉ እንዳይዛመት በመንግሥት ወጪ ይቆረጥለታል።

ሹመቱን ከአባታቸው የወረሱት ባሻ ቀጸላ ምላሳቸውን የሚወዱ ሰው ነበሩ። ከምላሳቸው ቀጥሎ የሚወዱት ከቤታቸው ጀርባ ያለችውን፣ አያታቸው ቀፎ የሰቀሉባትን፣ ምንጭ የሚፈልቅባትን ትንሽ ደን ነው። አባታቸው በዚህች ደን ውስጥ አንበርክከው ሲያስተምሯቸው፣ ስቡ ያለው ከላይ በሚበሰብሰው ቅጠል ውስጥ ብቻ ነው፣ እሱም ከአንድ ስንዝር አይበልጥም፣ ከሥሩ ያለው ቀይ አፈር ደሃ ነው፣ ዛፉም የሚኖረው የገዛ ቅጠሉን መልሶ እየበላ ነው ብለዋቸው ነበር። ይህን ለማንም እንዳይናገሩም አስምለዋቸዋል።

በመጀመሪያው ዓመት ደኑ ተቆርጦ ተቃጠለ፤ በአመዱ ላይ የተዘራው በቆሎም ፈረሰኛ የሚሰውር ሆነ። ባሻ እጅግ በጣም ጣፋጭ አሉ፣ ያን ዓመት እንኳ እውነትም ሳይሆን አልቀረም። በሁለተኛው ዓመት ዝናቡ የሚያስቆመው አጥቶ ቀጥ ብሎ ወረደና ጥቁሩን አፈር ጠራርጎ ወንዝ ከተተው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና አገሩ ሁሉ የወንዙን መጥቆር እያደነቀ በዳር ቆሞ ተመለከተ። በቆሎው ከጉልበት ሲቀር ጊዜ የእርሻው አዛዥ መረመሩና፣ የተረፉት ዛፎች ሥራቸውን በመሬት ውስጥ አርዝመው ከሩቅ እየሰረቁ ነው አሉ፤ እነሱም ተቆረጡ። በአራተኛው ዓመት ከማሳው ምንም አልበቀለም፣ መሬቱም እንደ ሸክላ ደርቆ ማረሻ ይሰብር ጀመር። አዛዡም አፈራችን በመጨረሻ እንደ ሕዝባችን ጠንካራ ሆነ ብለው ለሦስት ቀን አስጨፈሩ።

አሁን በአገሩ የቀረችው፣ ለሹመታቸው ክብር ሲባል እስካሁን ያልተነካችው የባሻ ደን ብቻ ናት። አዋጁም ግልጽ ነበር፤ አፈሩ ጣፋጭ ከሆነና እህል ካልሰጠ ሌባ አለ ማለት ነው፣ ከዚያች ደን በቀር ደግሞ የሚጠረጠር አልተረፈም። ስለዚህ ባሻ ዘንድሮም እንደ ልማዳቸው ጣፋጭ ካሉ፣ በደናቸው ላይ የፈረዱት ራሳቸው ናቸው።

በዋዜማው ባለቤታቸው ወይዘሮ ውድነሽ አጠገባቸው ተቀምጠው ጠየቋቸው።

"ነገ ምን ሊሉ ነው?"

"እውነቱን። ስቡ ታጥቦ ሄዷል፣ አፈሩ ሞቷል፣ ይቺ ደን ከጠፋች ምንጩም ይደርቃል እላለሁ።"

"ምላስዎስ?"

"ሠላሳ ዓመት የዋሸሁበት ምላስ ነው። ይውሰዱት።"

ወይዘሮ ውድነሽ ባላቸውን የሚያውቁ ሴት ናቸውና እስኪ ይበሉት ብለው ሦስት ጊዜ አስደገሟቸው። ባሻ ሦስቱንም ጊዜ ሳይሳሳቱ አሉት፤ እንዲያውም በሦስተኛው ድምፃቸው አማረ።

በማግሥቱ መጥረቢያ የያዙ ሰዎች በደኗ ዳር ተሰልፈው፣ ሕዝቡ ማሳውን ከብቦ፣ ንጉሡ በድንኳን ተቀምጠው ሥርዓቱ ተጀመረ። አፈሩ በእጅ አልዘገን ስላለ አንዱ ወታደር በመዶሻ ፈንክቶ አቀረበ። ባሻ ተንበርክከው ነከሱ። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና የፊት ጥርሳቸው ወልቆ በቀዩ መሬት ላይ ወደቀ።

የእርሻው አዛዥ ጎንበስ ብለው አነሱት፣ በካባቸው ጠረጉት፣ ወደ ፀሐይም አቅንተው አዩት።

"በቆሎ ነው" አሉ።

በቆሎ ካየ የሰነበተው ሕዝብ እልልታውን አቀለጠው። አዛዡም አምና ምንም፣ ዘንድሮ ሳይዘራ አንድ ፍሬ፤ ይህ ዛፍ የመቁረጥ ጥበብ ውጤት ነው ብለው ለንጉሡ አስረዱ። ንጉሡ በደስታ እንባቸው መጣ።

"ባሻ ቀጸላ፣ ቀማሻችን አንተ ነህ። ተናገር፤ አፈራችን እንዴት ነው?"

ባሻ ቀና አሉ። ደኗን አዩ፤ ወይዘሮ ውድነሽንም ከሕዝቡ መካከል አዩ። የተለማመዱት ቃል ከነአማረው ድምፁ ጉሮሯቸው ላይ ደርሶ ነበር። ግን አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል፤ ሠላሳ ዓመት በአንድ መንገድ የሄደ አፍ ጌታውን ሳይጠብቅ ቀድሞ ወጣ።

"እጅግ በጣም ጣፋጭ ነው፣ ግርማዊ ሆይ።"

ወይዘሮ ውድነሽ ቀፎዎቹን ሊያወርዱ ወደ ቤት ሄዱ። ደኗ ከምሳ በፊት አለቀች፤ ምንጩም ብዙ አልቆየም።

ንጉሡ ደግ ነበሩና የተመነጠረውን መሬት ለባሻ ርስት አድርገው ሸለሟቸው። ያቺም ፍሬ ምርጥ ዘር ተብላ በነጋሪትና በእምቢልታ ታጅባ በዚያው መሬት ላይ ተዘራች፤ ዝንጀሮ እንዳይነቅላትም ባሻ ራሳቸው ጠባቂ ተደረጉ። ዝንጀሮዎቹ ከደኑ ጋር ከሄዱ ዓመታት ቢያልፉም ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። ባሻ ወንጭፋቸውን ይዘው በፀሐዩ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ወይዘሮ ውድነሽም በየቀኑ ከሩቅ ወንዝ ውሃ ቀድተው ሲመለሱ አጠገባቸው ቆም ይላሉ።

"በቀለልዎ?" ይሏቸዋል።

ባሻ ግራና ቀኝ ያያሉ። ሰሚ የለም፤ ዛፍም የለም።

"ይበቅላል" ይላሉ።