የሃምሳ አለቃ ገነነ ጃኬት የቤልጂየም ስለመሆኑና ስላለመሆኑ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

የተሰብሳቢው አካል፦ የፍኖተ ሰላምና አካባቢዋ የቤልጂየም ጥንታዊ ዥንጉርጉር የጦር ልብስ ሰብሳቢዎች ማኅበር
ቀን፦ ሐሙስ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ፍኖተ ሰላም፣ የአቶ ጁማ ልብስ ስፌት ቤት፣ ከመጋረጃው በስተጀርባ
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ 9፡10 ተጀመረ

የተገኙ፦
1. መምህር ይሄይስ፣ ሊቀ መንበር፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር
2. ወ/ሮ ጦይባ፣ ምክትል ሊቀ መንበር፣ በቡሬ የልባሽ ጨርቅ ነጋዴ
3. አቶ ጁማ፣ የጥገናና እንክብካቤ ኃላፊ፣ የቤቱ ባለቤትና ልብስ ሰፊ
4. አቶ ወንዳወቅ፣ የምርምር ኃላፊ (ጥሩ ስልክ ያላቸው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ)
5. እኔ እንዳለው፣ ጸሐፊ፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የምጽፍ፤ ጽሕፈትህ ያምራል ተብዬ ሳልጠየቅ የተሾምሁ

በእንግድነት የተገኙ፦ ወ/ሮ ባንቺአየሁ ገነነ፣ ከፈረስ ቤት ከተማ

ያልተገኙ፦ ሃምሳ አለቃ ገነነ፣ የክብር አባል፣ የወ/ሮ ባንቺአየሁ አባት። ባለፈው ሳምንት በሰማንያ አምስት ዓመታቸው ዐርፈዋል። ሊቀ መንበሩ፣ የሚቀር አባል ከሦስት ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ እንዳለበት አስታውሰው «ያለ ፈቃድ የቀሩ» ተብሎ እንዲያዝ አዘዋል። ወ/ሮ ባንቺአየሁ ስለ አባታቸው ይቅርታ ጠይቀዋል። ይቅርታው ተመዝግቧል። እኔን ማንም አልጠየቀኝም እንጂ መመዝገቡ ራሱ አሳፍሮኛል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከስድስቱ አባላት አምስቱ ስለተገኙ ተሟልቷል። አባላት ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው ገብተው፣ መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ለብሰዋል። በዚህ ጊዜ ዥንጉርጉር ለብሶ መንገድ መውጣት ምን እንደሚያስከትል ለማንም የሚነገር አይደለም።

ተራ ቁጥር 1፦ የዛፍ ሙከራ ሪፖርት

አጀንዳው ከመከፈቱ በፊት ወ/ሮ ጦይባ፣ እንግዳዋ ንጋት ላይ ተነሥተው የመጡ ስለሆኑ የእሳቸው ጉዳይ እንዲቀድም ጠየቁ። ሊቀ መንበሩ አጀንዳው በኮምፒውተር ተጽፎ የወጣ መሆኑን፣ ሁለትም ከአንድ በፊት ተቆጥሮ እንደማያውቅ አስረድተው አለፉ።

አቶ ወንዳወቅ ልብሱ ሰውን ከዓይን የመሰወር ብቃቱን ለመፈተሽ በተሰጣቸው ኃላፊነት መሠረት፣ ትናንት ረፋድ ላይ ጃኬታቸውን ለብሰው በጓሯቸው ባሕር ዛፍ ሥር አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀሱ መቆማቸውን ሪፖርት አደረጉ። በአጥሩ ሥር ያለፉት አሥራ አራት ጎረቤቶች አሥራ አራቱም ሰላም ብለዋቸዋል። ሁለቱ ምነው አመመህ ወይ ብለው ጠይቀዋል። አንዲት ሴትዮ ደግሞ አህያቸውን አጠገባቸው አስረው፣ «ከዚሁ መቆምህ ካልቀረ አደራህን» ብለው ወፍጮ ቤት ሄደዋል።

አቶ ጁማ አህያው ታይቶ እንደሆነ ጠየቁ። አቶ ወንዳወቅ አህያውም መታየቱን አረጋገጡ። አያይዘውም «ፓተርኑ ከእኛ ሀገር ዛፍ ጋር ማች አያደርግም» አሉ። ሊቀ መንበሩ በዚህ ተቆጥተው የቤልጂየምን ካርታ ዘረጉ፤ ልብሱ የተሠራው ለቤልጂየም ደን በመሆኑ ጥፋቱ የባሕር ዛፉ እንጂ የልብሱ አለመሆኑን በእስኪርቢቶ እየጠቆሙ አስረዱ። አቶ ጁማ ልብሶቹ በሙሉ የጤፍ ማሳ እንዲመስሉ ቀለም እንዲነከሩ ሐሳብ አቀረቡ። ሊቀ መንበሩ ይህ ሐሳብ ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ አዘዙ። ተሰርዟል።

ውሳኔ 1፦ ከሰፊ ውይይት በኋላ የቤልጂየም ዛፍ ችግኝ ከሚመለከተው አካል ተጠይቆ በአቶ ወንዳወቅ ጓሮ እንዲተከልና ዛፉ ሲደርስ ሙከራው እንዲደገም ተወስኗል። ሊቀ መንበሩ ዛፉ በአርባ ዓመት ይደርሳል ብለው ገምተዋል። የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ ወደፊት ይጣራል።

ተራ ቁጥር 2፦ የወ/ሮ ባንቺአየሁ ጥያቄ

ወ/ሮ ባንቺአየሁ ቆመው ተናገሩ። ተቀመጡ ቢባሉም አልተቀመጡም። አባታቸው በወጣትነታቸው ኮንጎ ዘምተው ሲመለሱ ያመጡትን ዥንጉርጉር ጃኬት ስድሳ ዓመት ሙሉ በገበያም በሠርግም በአውድማም ለብሰውታል። ዓምና መስከረም ላይ መምህር ይሄይስ ፈረስ ቤት ድረስ መጥተው፣ ለአሥራ አምስት ቀን ለኤግዚቢሽን ብለው ወስደውታል። አልተመለሰም። አሁን የፊታችን እሑድ የሩቅ ዘመድ ሁሉ የሚሰበሰብበት ትልቁ ለቅሶ ነው። በለቅሶ የሟቹ ልብስ ይወጣል፤ አልቃሿም ይዛው ትዞራለች። አባታቸው በወታደርነታቸው የተነሡት ፎቶ የለም፤ ሜዳይም የላቸውም። ያላቸው ይኸው ጃኬት ነው። ይመለስልኝና ቅዳሜ ማለዳ በሚነሣው መኪና ልመለስ አሉ።

ሊቀ መንበሩ አሥራ አምስቱ ቀን የሚቆጠረው ኤግዚቢሽኑ ከተከፈተበት ዕለት ጀምሮ መሆኑን፣ ኤግዚቢሽኑም እስካሁን ስላልተከፈተ የመጀመሪያው ቀን ገና አለመግባቱን ገለጹ። ከዚያም «ወደ ስብስቡ የገባ ልብስ ከስብስቡ አይወጣም» የሚለውን የደንቡን አንቀጽ 7 አነበቡ። ማኅበሩ ካሉት ሰባት ልብሶች ስድስቱ ከወ/ሮ ጦይባ የልባሽ ጨርቅ ቦንዳ ውስጥ የተገኙ ሲሆኑ፣ የመጣበት የሚታወቀው የሃምሳ አለቃው ብቻ እንደሆነ አስረዱ። ለማስረጃም ራሳቸው ያዘጋጁትን «የሃምሳ አለቃ ገነነ ጃኬት ቤልጂየማዊነት» የተሰኘ ባለ አሥራ አንድ ገጽ ጥናት ማንበብ ጀመሩ። አራተኛው ገጽ ላይ፣ ከአንገትጌው ውስጥ ስላለው የቤልጂየም ጦር ማኅተምና ስለ 1956 ቁጥሩ ሲደርሱ፣ ወ/ሮ ጦይባ «የሰው ልጅ ቆማለች እኮ» ብለው አስቆሟቸው።

የሚከተሉት የመፍትሔ ሐሳቦች ቀረቡ። አቶ ወንዳወቅ ጃኬቱ በስልክ ተቀርጾ ለለቅሶው በላይቭ ይተላለፍ አሉ። ወ/ሮ ባንቺአየሁ ለቅሶው የሚቆምበት ሜዳ ላይ ኔትወርክ እንደሌለ ተናገሩ። ሊቀ መንበሩ በበኩላቸው ጃኬቱ ወደ ለቅሶው ከሚሄድ ለቅሶው ወደ ጃኬቱ እንዲመጣ ሐሳብ አቀረቡ። ከመጋረጃው ጀርባ በአንድ ጊዜ የሚቆመው ስምንት ሰው ስለሆነ፣ ስድስት መቶ ለቀስተኛ ቢመጣ በሰባ አምስት ዙር አልቅሶ እንደሚጨርስ አሰሉ። አቶ ጁማ እሑድ ደንበኛ የሚበዛበት ቀን መሆኑን አሳሰቡ።

ውሳኔ 2፦ ከረጅም ውይይት በኋላ ለቅሶው በተራ ወደ ፍኖተ ሰላም እንዲመጣ በሁለት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በሁለት ድምፀ ተአቅቦ ተወስኗል። ተቃዋሚዋ ወ/ሮ ጦይባ ናቸው። ድምፅ ካልሰጡት አንዱ እኔ ነኝ፤ አሁን ሳስበው ለምን እጄን እንዳላወጣሁ አላውቅም።

ውሳኔው ለወ/ሮ ባንቺአየሁ ተነገራቸው። ቢያንስ ልየው ብቻ አሉ። ሊቀ መንበሩ አቶ ጁማን ጃኬቱን ያምጡ አሏቸው። አቶ ጁማ አልተነሡም። ሁለተኛ ተጠሩ። በሦስተኛው አንድ ነገር መናገር እንዳለባቸው አስታወቁ።

አቶ ጁማ እንዳስረዱት፣ ጃኬቱ መስኮት አጠገብ ተሰቅሎ ከርሞ ፊቱ በፀሐይ ነጥቶ ስላዩት ከሁለት ሳምንት በፊት ገልብጠውታል። ይኸውም ሙሉውን ተርትረው፣ የውስጡን ወደ ውጭ አዙረው እንደገና ሰፍተውታል። እሳቸው ቤት የነጣ ኮት መጥቶ ሳይገለበጥ የተመለሰ የለም። አባታቸውም ሲገለብጡ ኖረዋል። ሊቀ መንበሩን ደስ ይላቸዋል ብለው አስበው እንደሆነ ተናገሩ። ስፌቱን ደግሞ ማንም ሊነቅፈው እንደማይችል አከሉ።

ጃኬቱ መጣ። ዥንጉርጉሩ በሙሉ ወደ ውስጥ ገብቷል። በውጭ የሚታየው ነጣ ያለ ቡኒ ጨርቅ ነው። ስፌቱ በእውነት አይነቀፍም። አንገትጌው ውስጥ የነበረው የቤልጂየም ጦር ማኅተም ግን አሁን ማጅራቱ ላይ በውጭ በኩል ሆኖ ለጉባኤው ሁሉ ይነበባል።

ወ/ሮ ባንቺአየሁ ጃኬቱን ተቀብለው አገላበጡትና ጠዋት ከመጡ ጀምሮ ያላለቀሱትን አለቀሱ። ቃላቸው እንዳለ ተይዟል፦ «የፈረስ ቤት ሰው አባየን በሩቁ የሚያውቀው በዥንጉርጉሩ ነበር። ይኸን ይዤ ብገባ የማን ነው ይሉኛል እንጂ የገነነ ነው የሚል የለም። አልቃሿን ምን አስይዤ ላስለቅሳት?»

አቶ ጁማ ወደ ቀድሞው መልሰው ሊገለብጡት እንደሚችሉ ተናገሩ። አሁኑኑ ከጀመሩ፣ ነገ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ የሚሄዱበት ሰዓት ተቀንሶ፣ ነገ ማታ ያደርሱታል። አሁን ካልጀመሩ ለቅዳሜው መኪና አይደርስም። ሊቀ መንበሩ ግን ያለ ጥናት የተደረገ ጥገና ይህን ጥፋት ማስከተሉን፣ ሁለተኛ ያለ ጥናት እንደማይፈቅዱ ገለጹ። ይህን እያሉ ካርታውን ያጥፉ ይዘረጉ ነበር። ከንዴት ይሁን ከሌላ ነገር በወቅቱ አልለየሁም።

ውሳኔ 3፦ ጃኬቱ ስለሚመለስበት ሁኔታ አጥንቶ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሪፖርት የሚያቀርብ ሦስት ሰው ያለው ኮሚቴ እንዲቋቋም ተወስኗል። ወ/ሮ ጦይባ እሑድስ ብለው ጠየቁ። ሊቀ መንበሩ እሑድ በአሥራ አምስቱ ቀን ውስጥ እንደሚገኝ መለሱ።

ተራ ቁጥር 3፦ በወ/ሮ ጦይባ የቀረበ ድንገተኛ ሐሳብ

ወ/ሮ ጦይባ ተነሥተው ጃኬቱን ከወ/ሮ ባንቺአየሁ እጅ ተቀበሉ። እጅጌውን በሁለት ጣት አሹት፤ ጠርዙን ወደ ብርሃን አድርገው አዩት። ሃያ ሁለት ዓመት ቦንዳ ሲፈቱ መኖራቸውን፣ ለማኅበሩ ከመጡት ስድስት ልብሶች ስድስቱንም ቤልጂየም ናቸው ያሉት እሳቸው እንደሆኑ፣ ማኅበሩም አንድ ቀን ተጠራጥሯቸው እንደማያውቅ አስታወሱ። ከዚያም ይህ ጃኬት የቤልጂየም አይዶለም አሉ።

ሊቀ መንበሩ ማኅተሙስ አሉ። ወ/ሮ ጦይባ መዳፋቸውን ማኅተሙ ላይ አድርገው ምንም ማኅተም እንደማይታያቸው ተናገሩ። አቶ ጁማ ከተቀመጡበት ሆነው እሳቸውም እንደማይታያቸው አረጋገጡ፤ መነጽራቸውን በዚያው ቅጽበት አውልቀዋል። አቶ ወንዳወቅ ኢንተርኔት ገብተው እንዲያጣሩ ተጠይቀው ኔትወርክ የለም አሉ። ይህን ሲሉ ስልካቸው ይጠራ ነበር። እኔ እየጻፍሁ ስለነበር ቀና አላልሁም። ቀና ብዬም ቢሆን አላይም ነበር።

ሊቀ መንበሩ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ታዲያ የማን ነው ብለው ጠየቁ። ወ/ሮ ጦይባ «የፈረስ ቤት ነው፣ መምህር» አሏቸው።

መምህር ይሄይስ አሥራ አንዱን ገጽ ከፊታቸው አንሥተው ለጥቂት ጊዜ ያዙት። የሚከተለውን ተናገሩ፦ ሃምሳ አለቃው ጃኬቱን የሰጧቸው ከላያቸው አውልቀው ነበር። ጠዋቱ ብርድ ነበር። ውሰደው፣ በአሥራ አምስት ቀን አምጣልኝ ብቻ ነው ያሉት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሰው ልከው ጠይቀዋል፤ ለሁለቱም ጊዜ መልእክተኛ ደንቡን አንብበውለታል። አርባ ዓመት የሰው ልጅ ስሕተት ላይ ኤክስ ሲያደርጉ ኖረው የራሳቸውን ሳያዩ ቀሩ። አፍረዋል። «አፈርሁ» የሚለው ቃል ሳይለወጥ እንዲጻፍ ጠየቁ። ተጽፏል። ጥናታቸው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የተሳሳተ መሆኑን አስታውቀው የወ/ሮ ጦይባን ሐሳብ ደገፉ። ሆኖም የቤልጂየምን ልብስ ከመምህር ይሄይስ የበለጠ የሚያውቅ በጎጃም የለም።

ውሳኔ 4፦ ያለ ምንም ውይይት፦
ሀ) ጃኬቱ የቤልጂየም አለመሆኑ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።
ለ) ማኅበሩ የሚሰበስበው የቤልጂየም ልብስ ብቻ ስለሆነ ጃኬቱ ወደ ስብስቡ ገብቶ አያውቅም፤ ያልገባ ነገርም አንቀጽ 7 ስለማይከለክለው ለወ/ሮ ባንቺአየሁ ይሰጣል።
ሐ) የተሳሳተ ጥናትን መነሻ ያደረገ ጉባኤ የወሰነው ሁሉ የተሳሳተ ስለሚሆን ውሳኔ 1፣ ውሳኔ 2 እና ውሳኔ 3 በሙሉ ተሽረዋል። ዛፍ አይተከልም፣ ለቅሶ አይጓጓዝም፣ ኮሚቴም የለም።

ወ/ሮ ባንቺአየሁ ለአባላቱ አንድ በአንድ እጅ ነሡ። ሊቀ መንበሩ ጋ ሲደርሱ መምህር ይሄይስ ብድግ ብለው እሳቸው ቀድመው እጅ ነሡ። እሑድ መምጣት ይፈቀድልኛል ወይ ብለው ጠየቁ፤ ወ/ሮ ባንቺአየሁም «ይምጡ፣ ሰው አይከለከልም» አሏቸው።

ስብሰባው 11፡35 ላይ ተበትኗል። በትክክል ለመናገር የተበተነው ከዚያ በፊት ነው፤ ውሳኔው ተነብቦ ሳያልቅ አቶ ጁማ በምላጭ መተርተር ጀምረው ነበር። ወ/ሮ ጦይባ እጅጌውን ወጥረው ይዘዋል። አቶ ወንዳወቅ በስልካቸው መብራት ያበራሉ። መምህር ይሄይስም አጠገባቸው ቁጭ ብለው የተተረተረውን ክር ከጨርቁ ላይ አንድ በአንድ ይለቅሙ ስለነበር፣ እጃቸው ስላልተፈታ ይህን ቃለ ጉባኤ በዕለቱ አልፈረሙም።

እንዳለው፣ ጸሐፊ