ዳንቴል የለበሰው ላፕቶፕ

እኛ ሰዎች ዕቃ ራቁቱን ሲቀመጥ አይሆንልንም። ሬዲዮ ስንገዛ መጀመሪያ የምናስበው ስለ ጣቢያው ሳይሆን ስለ ልብሱ ነው። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል፣ ስልኩ ዳንቴል፣ ፍሪጁ አናቱ ላይ ዳንቴል። የሶፋውንማ አትጠይቁኝ። ለንደን ገብተን ከመንግሥት የካውንስል ቤት ሲሰጠን እንኳ መጀመሪያ ከሻንጣ የሚወጣው ዳንቴሉ ነው። ብርዱን የምንፈራው ለራሳችን ብቻ ይመስላችኋል?

እኔ ታዲያ ከዚህ ልብስ ጋር ስታገል ዕድሜዬ አለቀ። ሥራዬ የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን ማየት ነው፤ ከሥራ ስወጣ ደግሞ የሐበሻው ተራ ይደርሳል። ጸጉሬ ሸብቶ እንኳ ዛሬም ድረስ “ያ የኮምፒውተሩ ልጅ” ነው የምባለው። መጠራቱን አልጠላሁም። የሚጠሩኝ ግን ለሕክምና ሳይሆን ለቀብር ነው።

ዕቃ እኮ እንዲሁ ድንገት አይሞትም፤ ብዙውን ጊዜ ይናገራል። መጀመሪያ ይሞቃል። ከዚያ ማራገቢያው ያጓራል። አንድ ፎቶ ለመክፈት የሻይ ውሃ እስኪፈላ ያስጠብቃል። በመጨረሻ ከሆዱ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይመጣል። ያኔ የምትወዱትን ሁሉ ቶሎ ሌላ ቦታ መገልበጥ ነው። ግን ማን ይነግረኛል? “ኮምፒውተሩስ?” ስላቸው መልሱ “ደህና ነው፣ ተመስገን!” ነው። ለራሳችን የምንዋሸው አንሶ ለዕቃውም እንዋሽለታለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት አበው፣ ይኼን ሁሉ አስቀድመው ያዩት ይመስለኛል።

እትዬ ዘነበች የሚኖሩት እዚሁ ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ ሲሠራ ያየ ሰው የለም። ባለቤታቸው ጋሽ ተፈራ ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። የጋሽ ተፈራ ድምፅ ያለው በአንዲት ቪዲዮ ላይ ብቻ ነበር፤ እሷም ያለችው ላፕቶፓቸው ውስጥ ብቻ ነበር። ለአዲስ ዓመት አገር ቤት ያለ ዘመድ ሊመርቁ ብለው ራሳቸው የቀረጿት ናት። ምርቃቱ ላይ ግን አልደረሱም። ወደ ካሜራው እየተጠጉ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ መልሰው እያደረጉ፣ “ዘነቡ፣ ይኼ ነገር በርቷል ወይ?” ይላሉ። “አልበራም መሰለኝ” ይላሉ። አለቀ። በዚህ አፍረው ለማንም አልላኳትም። እትዬ ዘነበች ግን እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይከፍቷታል። “በርቷል፣ ተፈራ፣ በርቷል” እያሉም ይመልሱላቸዋል።

በብርዱ ሰሞን ደወሉልኝ። ይኼ ነገር ዝም አለኝ አሉኝ። ሄድኩ። ላፕቶፑ ቡፌው ላይ፣ ትራስ ላይ ተቀምጧል። ከላይ ዳንቴል። ከዳንቴሉ በላይ ፎጣ። ከፎጣው በላይ ነጠላ። እንደ ሽንኩርት ላጥኩት።

“ድምፅ ያሰማ ነበር?” አልኳቸው።

“ያቃስት ነበር እንጂ! ብርድ መትቶት ነው ብዬ ደረብኩለት።”

“ሳያጠፉት ነው የሚሸፍኑት?”

“ካጠፋሁት ተመልሶ ባይነሳስ ልጄ?”

ባለፈው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስጠይቃቸው “ደህና ነው” ብለውኝ ነበር። ለካ ያኔም ያቃስት ኖሯል። ምነው ሳይነግሩኝ ብላቸው፣ ሥራ ይበዛብሃል ብዬ አሉኝ።

ቁልፉን ተጫንኩት። ቀጭ። ቀጭ። ስክሪኑ ጥቁር ነው። እትዬ ዘነበች በትከሻዬ በኩል ጎንበስ ብለው፣ “በርቷል ወይ?” አሉኝ።

ዞሬ ላያቸው አልቻልኩም።

ያልሞከርኩት የለም። ዲስኩን አውጥቼ ከራሴ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት፤ እምቢ አለ። ዲስክ ከፍተው የሚያዩ ባለሙያዎች ጋ ወሰድኩት። መረጃው የሚጻፍበት ሳህን ተፋፍቋል፣ የሚነበብ ነገር የለም ብለው መለሱልኝ። ገጣጥሜ እሁድ ዕለት ይዤላቸው ሄድኩ።

እውነቱን ስነግራቸው አላለቀሱም። እኔ ግን ጨነቀኝና ስብከት ጀመርኩ። ዕቃ ሲያቃስት ሙቀቱ እንዲወጣለት ይገለጣል እንጂ አይሸፈንም፤ ደህና ነው አይባልም፤ ቶሎ ለሚያውቅ ሰው ይነገራል፤ ምናምን። እሳቸው የዳንቴሉን ጠርዝ በጣታቸው እየዳሰሱ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

“ተፈራም እንዲሁ ነበር” አሉኝ። “ደረቱ ሲያፏጭ፣ ሲያቃስት፣ እኔ ብርድ ነው ብዬ ጋቢ እደርብለታለሁ። ስጠይቀው ደህና ነኝ ይለኛል። ሐኪሙም ልክ እንዳንተ ነው ያለኝ። ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ አለኝ።”

ያን ሁሉ ስብከት መልሼ ብውጠው በወደድኩ። የተበላሸ ዕቃ የሚጣልበት ቦታ አለ፣ ወስጄ ልጣልልዎት አልኳቸው። ገላመጡኝ።

ላፕቶፑን ከእጄ ተቀብለው ቡፌው ላይ አስቀመጡት። ትራሱን አላደረጉም። ዳንቴሉን አራገፉና አለበሱት፤ አራቱንም ማዕዘን በመዳፋቸው አስተካከሉ።

“አሁንማ ይልበስ” አሉኝ። “ከእንግዲህ አይሞቀውም።”